የቶንቺ ጆሮ

የመጨረሻዋ ጀልባ ጀርባዋን ስትሰጥ፣
ቡራ የሚሉት ነፋስ ከኮረብታው ሲሮጥ፣
መቶ አሥር ክፍል ያለው ሆቴል ጭር ብሎ ሲቀር፣
ያኔ ነው በደሴቲቱ የእኛ ሥራ የሚጀመር።

ቶንቺ የቁልፉን ዘለላ ትከሻው ላይ ጥሎ፣
"ተነሺ ማሬ" ይለኛል፣ "ሻይሽ ይቆይሻል" ብሎ፤
"ውሃ ታስሮ አይከርምም፣ የቆመ ይሸታል፤
የሸተተ ውሃ ደግሞ ከማን ጋር ይታረቃል?"

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ፣
እንደ ሐኪም ጉብኝት በየአልጋው ዙሪያ፣
ቧንቧ እንከፍታለን፤ የእጅ መታጠቢያ፣ ሻወር፣
አምስት አምስት ደቂቃ፣ ሙቁ መስተዋት እስኪያሳውር።

ባዶ ክፍል ውስጥ ውሃ ሲወርድ ሰምታችኋል?
ሰው ያለ ይመስላል። አንዱ ጢሙን ይላጫል፣
አንዷ ልጇን ታጥባለች፣ ዘፈን ቢጤ ይሰማል፤
ዞር ብትሉ ግን ፍራሹ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሏል፣
መጋረጃው በከረጢት ነው፤ አልጋው ሥር የቀረች
አንዲት የሕፃን ካልሲ ብቻ፣ አሸዋ ያዘለች።

ጨው ነው ጠላታችን፤ ጨው ቸኩሎ አያውቅም፣
ማጠፊያ ሲበላ ያድራል፣ ሲነጋም አይጠግብም።
ቶንቺ ዝገቱን ይፍቃል፣ በግራሶ ያሻል፣
ብሎኑን በጥፍሩ ነክቶ ዕድሜውን ይነግራል፣
ከመዋኛው የተነሳውን ሰቅ ወደ ቦታው ይመልሳል።
የወይራ ሥር የፍሳሹን ቱቦ ሰብሮ የገባ ለታ፣
ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ መጋዙን ሳይመዝ፣ "ይቅርታ"
ይለዋል ለሥሩ። "ተጠምተህ ነው፤ አውቃለሁ።"

መዝገብ አልነበረውም። መዝገቡ ጆሮው ነው።
እራት እየበላን ማንኪያውን አቁሞ፣
"ሦስተኛው ፎቅ ላይ" ይላል ፊቱን አጨልሞ፣
"ከግድግዳው ውስጥ አንድ ጠብታ አለ። ነገ ይታያል።"
ነገ ግድግዳው ሲፈርስ ጠብታው እዚያው ይጠብቃል።

የካቲት ላይ ነው ነገሩ።
በሁለት መቶ አሥራ አራት በር ስናልፍ
ከልስኑ ጀርባ አንድ ነገር እንደ እባብ ሲተነፍስ ሰማሁ።
እሱ አለፈ። እያፏጨ አለፈ።
ሊፈትነኝ ነው ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ።
"አጎቴ!"
አልዞረም።
ደግሜ ጠራሁት። አልዞረም።

ያኔ ገባኝ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ
መዳፉን ፓምፑ ጀርባ ላይ፣ ቱቦው ላይ ሲያሳርፍ፣
ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ሲዳብስ፣
ፍቅር ነው ብዬ ነበር።
ፍቅርም ነበር።

ተመልሶ መጣ። አፌን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣
መዳፉን ለጥፎ ብዙ ቆየ።
"ምን ይላል?" አለኝ።
በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ጠይቆኝ አያውቅም።
"ያፏጫል፤ ቀጭን ነው፤ ከሙቁ መስመር፣ ከክርኑ አካባቢ።"
መዶሻውን አወጣ።
ለእኔ ሰጠኝ።

ሚያዝያ ላይ ከስፕሊት የሒሳብ ሹሙ ሎቭሬ መጣ፣
ሰው በሌለበት የፈሰሰውን በሜትር ኩብ ቆጥሮ ተቆጣ፦
"ይህ ሁሉ ውሃ ለማን ነው? ማን ፊቱን ታጠበበት?"
ቶንቺ ጆሮውን ጠቁሞ፣ "አይሰማኝም" አለ፣ "ምናልባት
ነገ ይሻለኛል።"
ማክሰኞ እንደ ልማዱ ቧንቧ ከፈተ።

አሁን ሰኔ ነው። የእንግዶች መዝገብ ሞልቷል፦
ባሕሩን ያመሰግናሉ፣ የተጠበሰው ዓሣ ጥሟቸዋል፣
አንዱ ስለ ትራሱ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፏል።
ስለ ውሃው ማንም።
በሁለት መቶ አሥራ አራት፣ እግሯ አሸዋ የሆነ ልጅ
ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትሮጣለች ወደ ደጅ።
ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቶንቺ ቆሟል መሰላል ይዞ፣
በቅንድቡ ይጠይቀኛል።
የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወድቅ እጠብቃለሁ።
ራሴን እነቀንቃለሁ፦ ምንም።
መሰላሉን አንስቶ ወደሚቀጥለው አምፖል ይሄዳል።